እግር የማይደርስበት ፍሬን

ጨርቁን ውሃ ነክራ ጨመቀችና የነዳጅ ታንከሩን ከመሪው ወደ ኮርቻው ጠረገችው። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መቅረጽ ነው፤ እጇ መቸኮል አያውቅም። ከታንከሩ በስተግራ ያለችውን ትንሽ ጭረት ስታገኛት ደስ አላት። ለሥልጠና ሌላ ከተማ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ፣ ከሰው አንድ ሰው ከዕቃ ይህቺ ሞተር ናፍቀዋት ነበር።

ሞተሯ ቀላል ናት። ዝቅ ብላ የምትቀመጥ፣ መሪዋ ወደ ነጂው የጎበጠ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ለሩጫ ሳይሆን ለረጅም መንገድ የተሠራች። ስትገዛት ግን እንዲህ አልነበረችም። መሪውን ያጎበጠው፣ የንፋስ መከላከያውን የተከለው፣ ከእህቱ ጋር ሆኖ ኮርቻውን ለወገቧ ያስተካከለው በያጁ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጨዋው» የሚለው። መጀመሪያ የመጣችው ለመሪው ነበር። ቀጥላ ለንፋስ መከላከያው መጣች። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር ሳይኖርም መጣች።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራቸው። ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ እሷ እየነዳች፣ እሱ ከኋላ ተቀምጦ አብረው ይሄዱታል። ሲመለሱ አብረው እናቷ ፊት ይቆማሉ። እናቷ ዳኛ ናት። ልጇ በያጅ ልታገባ እንደሆነ ከሰው ሰምታለች፤ ከልጇ አፍ ግን ገና አልሰማችም።

«ቆየ እኮ» አለች፣ ጨርቁን እያጠበች።

«ብሎን ሊገዛ ሄዷል» አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። እህቱ የመኪናና የሞተር ወንበር ልብስ ሰፊ ናት፤ የጋራዡ ግማሽ የእሷ ነው። «ብሎን ሲገዛ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሻጩ የሰጠውን ሁሉ አመስግኖ ይቀበልና ግማሹ አይገጥምም።»

ሳቀች። እሱ የላከላት አጭር መልእክት ትዝ አላት፤ «እያስዋብኩልሽ ነው፤ ስትመጪ ታያለሽ።» ከሞተሩ ፊት በኩል አዲስ ኒኬል ሲያብለጨልጭ አይታለች። ለጌጥ ነው ብላ አለፈችው።

የጋራዡ ግቢ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ልማዷ ነው፤ ማርሽ ሳታስገባ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ኮርቻው ላይ ትወጣና ቁልቁለቱ እስከ በሩ እንዲወስዳት ትለቃታለች። ዛሬም ለቀቀቻት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተንኮሻኮሸ። በሩ ሲቀርብ ቀኝ እግሯን አነሳችና ፍሬኑን ረገጠች።

አየር ረገጠች።

እንደገና ረገጠች። ባዶ ነው። የእግር መርገጫውም ፍሬኑም በቦታቸው የሉም። ደንግጣ የእጅ ፍሬኑን ጨመቀችው፤ የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ሞተሯ በጎኗ ተኛች። እግሯ ከሥር ቀረ።

ወንበር ሰፊዋ መቀሷን ጥላ ሮጠች። ተረዳድተው አነሷት። የተሰበረ አጥንት የለም። ክርኗ ተልጦ ደም አቁሯል፣ አንዱ ስፔኪዮ ተጣሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«የታለ ፍሬኑ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ፍሬኑ አለ። ማርሽ መቀየሪያውም አለ። ሁለቱም በአዲስ፣ በሚያምር ብየዳ ከነመርገጫቸው ወደ ፊት ሄደዋል። ኮርቻው ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። የጫማዋ ጫፍ ፍሬኑን ነካው እንጂ አልረገጠውም።

«የማን እግር ተለክቶ ነው?»

«እኔን አትዪኝ፤ የእኔ እግር ከአንቺም ያጥራል» አለች እህቱ። ቀልዱ ግን አልጣማትም፤ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ ኮርቻ ነው የምሰፋው። እሱን ጠይቂው።»

ከዚያ ሰበር ያለ ዓይን ውስጥ ልጅቷ በሐሳቧ አንድ ሴት አየች። ቁመተ ረጅም፣ በእሷ ኮርቻ ላይ የተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ የምትስቅ። ፊቷን አላየችውም፤ ግን ጠላቻት።

እሱ ብሎኑን በወረቀት ጠቅልሎ በበሩ ሲገባ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ ፊቱ በራ። ቀጥሎ ስፔኪዮውን አየ። ቀጥሎ ክርኗን። ያ ብርሃን ከፊቱ ላይ እንደ ተጠራ ልጅ ብድግ ብሎ ሄደ።

«ደምተሻል።» እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ። ማን ናት?»

«ማን?»

«ባለ ረጅም እግሯ።»

ጨዋው እህቱን አየ፤ እህቱ ጣራውን አየች። «ሌላ ሰው የለም» አለ።

«እንግዲያው ለራስህ ነው። የአንተ እግር እዚህ ይደርሳል። እስክሄድ ጠብቀህ ሞተሬን በራስህ ልክ ሰፋሃት።»

«ለራሴም አይደለም።»

«ለእኔ አይደለም፣ ለአንተ አይደለም፣ ለሌላ ሰውም አይደለም። ለሙዚየም ነው?»

ወረቀቱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው። ብሎኖቹ ውስጥ ለውስጥ ተንሿሹ። «እንድትወድቂ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ኮርቻው ላይ ስትቀመጪ እግርሽ አይደርስም። ካልደረሰ መንዳቱን ትተዪዋለሽ ብለን ነው።»

«ብለን?»

የብሎኑን ወረቀት መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ብለን ነው ያልከው። ከማን ጋር?»

«እናትሽ መጥተው ነበር።»

ልጅቷ አጠገቧ ያለውን የብረት ጠረጴዛ ያዘች። ያቺ ረጅም ሴት ከኮርቻው ላይ ወረደችና በቦታዋ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰች እናቷ ተቀመጠች። ሌላ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ በማሰቧም ተናደደች።

«መጥታ ምን አለች?»

«እዚያ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ከዚያ...» ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «'ልጄ' አሉኝ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። ዓመቱን ሙሉ እናቷ ለዚህ ሰው የሰጠችው ሰላምታ በመኪና መስኮት ውስጥ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ማንሳት ነበር። አባትና እናቱን በልጅነቱ ቀብሮ እህቱ እጅ ያደገ ሰው ነው። ያቺ ቃል የት ድረስ እንደገባች ታውቃለች። ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደውም፤ ማገዶ ጨመረበት።

«'ልጄ' ብቻ አይደለም ያሉኝ። 'ብትፈልግ እምቢ ማለት ትችላለህ' ብለውኛልም።»

«ለምን አላልክም?»

«አፌ አልከፈት አለኝ።»

«አፉማ ተከፍቷል» አለች እህቱ ከስፌት መኪናው ጀርባ። «'እሺ እትዬ' ብሏል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። 'አንተ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም' ስለው ሦስት ቀን አኮረፈኝ።»

«እሺ እትዬ» አለች ልጅቷ ድምፁን አስመስላ። «እኔ በስልክ 'ምን እየሠራህላት ነው?' ስልህ ደግሞ 'እያስዋብኳት'። አንተ እኮ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው የሚሠራውን ያውቀዋል።»

«ላጠፋሁት...»

«አልጨረስኩም። ሰፈሩ ጨዋው ይልሃል። እኔም ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ይሄ ፊት ማየት ነው። አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲከፋ ማየት ስለማትችል፣ አጠገብህ የሌለውን ሰው ትሸጠዋለህ። እሷ ስትመጣ እኔን ሸጥክ። ነገ ደግሞ እኔ አጠገብህ ስቀመጥ ማንን ትሸጥልኛለህ?»

ዓይኑን ከክርኗ ላይ ማንሳት አቅቶት ቆመ። እሷም መልስ እንዳይኖረው ፈልጋ ነበር የተናገረችው፤ እንደፈለገችው ሲሆን ግን አላስደሰታትም።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። የዳኛዋ አካሄድ ከሩቅ ይታወቃል፤ ጠጠር ላይ እንኳ ችሎት እንደምትገባ ነው የምትራመደው።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለች እህቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ስትጨርስ ደውልልኝ ብለው ቁጥራቸውን ትተውለት ነበር። ጥፋቱ የሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ብቻ ሲሰደብ ሰማሁና አላስቻለኝም።»

ዳኛዋ በሩ ላይ ቆማ ልጇን ከላይ እስከ ታች መረመረች። የተላጠው ክርኗ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ነጣ። ስትናገር ግን በሥራ ድምፅዋ ነበር።

«ግቢ ውስጥ ነው የወደቅሽው?»

«ግቢ ውስጥ።»

«ሞተሩ ሳይነሳ።»

«ሳይነሳ።»

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ግቢ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው አውራ መንገድ ላይ ምን ሊሆን ነው?»

«ማስረጃውን ያሠራሽው አንቺ ነሽ እማዬ። ያለ ፍሬን እኮ ነው የወረድኩት።»

«ትተዪዋለሽ እንጂ ትወርጃለሽ አልተባለም።»

«እግሬ ትእዛዝ አልደረሰውማ።»

እህቱ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ዳኛዋ ዞራ አላየቻትም። ሁለት እርምጃ ቀረበችና ከእግሯ ሥር የተጋደመውን የልጇን ሄልሜት አነሳች። በሁለት እጇ፣ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ከሰውነቷ አርቃ ያዘችው።

«በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሄ ይቀመጥልኛል» አለች። «በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት። አንዳንዱ ውስጥ ፀጉር አለ። አገላብጬ አየዋለሁ፣ ማየት አለብኝ፤ ሥራዬ ነው። አንቺ ደግሞ ጠዋት ይሄንኑ ታደርጊና 'እማዬ ደህና ዋዪ' ብለሽ ትወጫለሽ። በሩን ከዘጋሽ በኋላ ምን እንደማደርግ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቀቻትም። እንደ ዛሬም ሆና አይታት አታውቅም።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አልቀመጥም። ደረስኩ ብለሽ እስክትደውዪ አልቀመጥም። ቢሮ ብሆን ቢሮ፣ ቤት ብሆን ቤት። ጸሐፊዋ ወገቤን የሚያመኝ ይመስላታል።»

ልጅቷ እናቷን ልታቅፋት ፈለገች። ፈልጋም አንድ እርምጃ ሄደች። ነገር ግን እርምጃዋ ሞተሯ አጠገብ አደረሳትና፣ ያንን የሚያብለጨልጭ ብየዳ እንደገና አየችው። ክርኗ ማቃጠል ጀመረ።

«እማዬ፣ ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለእኔ። ቤታችን ውስጥ።»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር?»

«አልተውም። ግን ስደርስ ሳልረሳ እደውል ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ጎትታ አቃናችው። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፍሬን ከሰው እግር ያራቀ በያጅ ችሎትሽ ቢቀርብ፣ 'አንዲት እናት ልጄ ብላኝ ነው' ቢልሽ፣ ምን ትፈርጂ ነበር?»

«እሱ ላይ አልፈርድም።»

«እኔም ስለ እሱ አልጠየቅሁሽም።»

ዳኛዋ ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለልጇ የሚሆን ቃል ሲጠፋት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ሦስተኛ ሰው ዞረች።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ አንተ ንገራት። የሚያስነዳትም የሚያወርዳትም የአንተ እጅ ነው። እንዳለ ይቆይ በላት። ቤቴ በሩ ይከፈትልሃል፤ ይሄው እህትህም ትስማ።»

ሦስት ሴቶች አዩት።

ልጅቷ ያን ጊዜ የተሰማትን በኋላም በቃል ልታስቀምጠው አልቻለችም። እንዲናገር መለመን ትችል ነበር፤ ፊቷን አሳዝና ብታሳየው እንደሚበቃ ታውቃለች። ለዚህም ነው ፊቷን ያዞረችው። ግድግዳው ላይ በመደዳ የተሰቀሉትን መጋዞች አየች። እሱ ማንንም ሳያይ የሚለውን ልትሰማ ፈለገች።

«እትዬ» አለ።

«አቤት።»

«ልጄ አይበሉኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እንዲሉኝ ስመኝ ነበር። ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እጄ የሚሠራውን ረሳሁ። በዚያች ቃል የሠራሁት ሥራ ነው ይሄው ልጅዎን የጣላት።» በእጁ ወደ ሞተሯ አመለከተ። «ፍሬኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢከፋዎትም። በርዎ ቢዘጋም።»

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓመቱን ሙሉ በመስኮት ካየችው ሁሉ የበለጠ አሁን አየችው።

«እንዲህ መናገር ትችላለህ እንዴ?» አለች በመጨረሻ። ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገርም ነበር። «ያኔ ውሃ ስትሰጠኝ ብትለኝ ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። መኪናዋን ግን አላስነሳችም። ወደ ውስጥም አልገባችም፤ ግቢው ውስጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ጨዋው ወደ ልጅቷ ዞረ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ዓይኖቹ ውስጥ የነበረውን ተስፋ ስታየው ወዲያው ልትሰብረው ተመኘች።

«ለእሷ እምቢ ስላልክ እኔ እሺ የምልህ መሰለህ?»

«አልመሰለኝም።»

«ጥሩ። መፍቻውን፣ ቺያቤውን አምጣ። እኔ ነኝ የምፈታው።»

አመጣላት። የድሮዎቹን መርገጫዎች ቅባት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧቸው ነበር፤ እነሱንም አጠገቧ ደረደረ። እህቱ መጥታ ክርኗን በንጹሕ ጨርቅ አሰረችላትና ጆሮዋ ሥር፣ «በጣም አታክሪበት፤ እንደ ብሎን ነው፣ ሲበዛበት ጥርሱ ያልቃል» አለቻት።

«ወንድምሽ ጥርስ የለውም፤ ልሠራለት ነው» አለች። አልሳቀችም።

ተንበርክካ መፍታት ጀመረች። ብየዳው ጠንካራና ንጹሕ ነው። አንድም የተዝረከረከ ቦታ አጣችበት፤ ቢኖር ደስ ባላት። ይህን ሰው የወደደችው እጁን አይታ ነበር፤ ዛሬ የምትጠላውም ይሄው እጅ የሠራውን ነው። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ደረት ውስጥ ሲጋፉ ትንፋሽ አሳጠሯት።

«ወደ ባሕሩ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች ሳታየው።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ።»

«እሺ አልልም። ከኋላሽ መቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«ፍላጎትህን አልጠየቅሁም።»

ግን ሰምታዋለች። ቺያቤው እጇ ውስጥ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

መርገጫዎቹ ወደ ቦታቸው ገቡ። ማርሽ መቀየሪያው ገባ። ፍሬኑ ገባ፣ ዘንጉ ተያያዘ። ሞተሯ ላይ ወጣች፤ እግሯ የሚያውቀውን አገኘ። የቀረው የኋላው የፍሬን መብራት ብቻ ነው። ፍሬኑ ሲረገጥ ትንሽ የሽቦ ሞላ ይሳብና መብራቱ ይበራል። ሞላው ከጠበቀ ሳይረገጥ ይበራል፤ ከላላ ተረግጦም አይበራም። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አያስተካክለውም፤ አንዱ ፍሬኑ ጋ ሆኖ ሞላውን የሚያጠብቀውን ዳዶ ሲያዞር ሌላው ከኋላ ሆኖ መብራቱን ማየት አለበት።

እህቱን ልትጠራት ቀና አለች። እህቱ ድንገት ውጭ ለቆመችው ዳኛ ወንበር መውሰድ ነበረባት።

«ሂድ ከኋላ» አለችው።

ሄዶ ተንበረከከ። ፀሐይ ስለነበር መብራቱን በሁለት መዳፉ ከለለው። በመካከላቸው ሞተሯ አለች፤ እሷ ፊቱን አታይም፣ እሱም ፊቷን አያይም። ቁልፉን ከፈተች። ፍሬኑን በእጇ ተጫነች።

«በራ?»

«በራ።»

ለቀቀችው። «አሁንስ?»

«አሁንም በርቷል። ጠብቋል።»

ዳዶዋን አላላች። «አሁን?»

«ጠፋ።»

ተጫነች። «አሁን?»

«አልበራም። ትንሽ መልሺው።»

መለሰችው። እጇን ከፍሬኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አነሳች። ምንም ሳትነካ፣ «በራ?» አለች።

«አልበራም።»

«ተጭኜዋለሁ እኮ።» ቆጣ አለች።

መዳፎቹን እንደገና ሲያስተካክል ሰማችው። «አልበራም» አለ።

«በደንብ እይ።»

«በደንብ እያየሁ ነው።»

«ክርኔ እያመመኝ ነው። ደክሞኛል። በርቷል በለኝና እንጨርስ።»

ድምፅዋ ውስጥ ልመና አስገባችበት፤ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ እጁን የሚሰጥለትን ዓይነት ልመና።

«አውቃለሁ ደክሞሻል» አለ ከኋላ። «አልበራም። እስኪመሽ ብትጠይቂኝ አልበራም።»

ግንባሯን ታንከሩ ላይ አስደገፈች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። እንባዋ ለምን አሁን እንደመጣ አልገባትም፤ ስትወድቅ አልመጣም፣ ስትሳደብም አልመጣም። እስኪያልፍ ጠበቀችው። ከዚያ እጇን ወደ ፍሬኑ ዘርግታ ተጫነችው፤ ምንም አልጠየቀችም።

«አሁን በራ» አለ።

ለቀቀችው።

«ጠፋ።»

ዳዶዋ እንዳትዞር በአንድ እጇ ይዛ ማቆሚያዋን በሌላው አጠበቀች። ቁልፉን ዘጋች። ቺያቤውን በጨርቁ ጠርጋ፣ ከወንድሞቹ መካከል ክፍት ቦታውን ፈልጋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።